የመሣሪያ ስሕተትና የሰው ኅሊና

ሰው መሣሪያን ሲሠራ የገዛ እጁን ያረዝማል እንጂ ኅሊናውን ለመሣሪያው አያወርሰውም። መጥረቢያ የእንጨት ቈራጩ ክንድ ነው፤ ብዕርም የጸሐፊው አንደበት ነው። ነገር ግን መጥረቢያው በባልንጀራ ራስ ላይ ቢወርድ ከዳኛ ፊት የሚቆመው ሰውዬው እንጂ መጥረቢያው እንዳይደለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ይህ ግልጽ እውነት በዘመናችን ጥቂት በጥቂት እየደበዘዘ የሄደ ይመስላል። ምክንያቱም የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ዝም ብለው የሚታዘዙ ብቻ አይደሉም፤ ይቈጥራሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ይፈቅዳሉ፣ ይከለክላሉም። ስለዚህ ሰው «እኔ አደረግሁ» ማለትን ትቶ «ሲስተሙ አደረገው» ማለትን ለመደ። እንግዲህ መሣሪያ ሲሳሳት ጥፋቱ የማን ነው? ከስሕተቱ የተጠቀመውስ ሰው ምን ይባላል?

ጥያቄው የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት ከተሞች ሦስቱን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን እንመልከት። እነዚህ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። በሰበታ የፋብሪካው ሠራተኛ ደመወዙን በእጁ ቈጥሮ ከመቀበል ይልቅ፣ ይህን ያህል ብር በሒሳብዎ ገብቷል የምትል አጭር መልእክት በስልኩ ላይ ማንበብ ለምዷል። በሱሉልታ ወተት የሚሸጠው ገበሬ፣ በቡራዩም ከቤተ ሰቡ ርቆ የሚማረው ተማሪ እንዲሁ ናቸው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከባንክ መስኮት ወጥቶ እስከ ጉልት ገበያ ደርሷል። የጥንቱ ነጋዴ ጠገራ ብሩን አገላብጦ፣ በላዩ ያለውን የንግሥቲቱን ምስል መርምሮ ይቀበል ነበር። የዛሬው ግን ሊዳስሰው የማይችለውን ቁጥር አምኖ ያድራል። ስለዚህ ገንዘብ ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ እምነት ሆኗል ማለት ነው፤ እምነትም አንድ ጊዜ ከተሰበረ እንደ ሸክላ ነው።

ይህ እምነት በሰፊው የተፈተነበት ሌሊት አለ። ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ከኤቲኤም ለማውጣትና በስልክ ወደ ሌላ ሒሳብ ለማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በእኩለ ሌሊት ከስልክ ወደ ስልክ ሮጠ፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በሚገኙት ማሽኖች ፊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ነገሩን አውቆ አገልግሎቱን እስኪያቋርጥ ድረስ ሰዓታት አለፉ። ኋላም በሰጠው መግለጫ፣ ችግሩ በሲስተሙ ላይ በተደረገ ሥራ ምክንያት የመጣ እንጂ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት እንዳልሆነ፣ ያለ አግባብ የተወሰደውም 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደ ሆነ፣ ከወሳጆቹም የሚበዙት ተማሪዎች እንደ ነበሩ አስታወቀ።

የባንክ ሶፍትዌር ምሥጢሩ ሲገለጥ ቀላል ነው። አንድ ሰው ገንዘብ ለመውሰድ ሲጠይቅ ማሽኑ ወደ ዋናው መዝገብ ልኮ፣ ይህ ሰው ይህን ያህል አለውን? ብሎ ያስጠይቃል፤ መልሱ «አዎን» ሲሆን ብቻ ይሰጣል። በዚያ ሌሊት ይህ ጥያቄና መልስ እንደሚገባው አልተፈጸመም። ስለዚህ ማሽኑ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ወደ ሰውዬው ኅሊና ተዛወረ። «ይህን ያህል አለኝን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ የእያንዳንዱ ሰው ፈንታ ሆነ። የዚያ ሌሊት ፈተና በሙሉ በዚህች በአንዲት ጥያቄ ይጠቃለላል።

ወሳጆቹ ሲከራከሩ የተሰማው ቃል ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው፣ «በር አልሰበርሁም፤ ሰውም አላታለልሁም፤ ማሽኑ በፈቃዱ ሰጠኝ» የሚል ነው። ነገር ግን ማሽን ፈቃድ አለውን? ፈቃድ ማለት መስጠትንም መንሣትንም አውቆ አንዱን መምረጥ ነው። በቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ግድብ የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ የሚጠራቀምበት ነው። ጠባቂው አንድ ሌሊት መዝጊያውን ዘንግቶ ቢተኛ፣ ውኃው ፈቅዶ ወጣልኝ ብሎ ለግሉ ኩሬ የሚሞላ ሰው ጠባቂውን ሰነፍ ሊለው ይችላል፤ ራሱን ግን ንጹሕ ሊያሰኝ አይችልም። ሕጋችንም ይህን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2164፣ የማይገባውን የከፈለ ሰው የከፈለውን ለማስመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሰጪው ስሕተት ለተቀባዩ ባለቤትነትን አይፈጥርም።

ሁለተኛው፣ «ባንኩ የመንግሥት ነው፣ ሀብታምም ነው፤ እኔ ግን ድኻ ነኝ» የሚል ነው። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በወሩ መጨረሻ የሳሙና መግዣ ያጣ ተማሪ በእኩለ ሌሊት በፊቱ ብር ሲፈስ ቢያይ ልቡ የማይሸበርበት እርሱ ብፁዕ ነው። ድኽነትን ያልቀመሰ ሰው በድኻ ላይ ለመፍረድ ይፈጥናል። ሆኖም አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። አጥሩ የተነቀነቀው ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ስለ ተዘነጋ ነው። የባንክ ገንዘብ ማለት የሱሉልታው ወተት ሻጭ፣ የሰበታው ሠራተኛ፣ ለልጇ የትምህርት ወጪ ጥቂት በጥቂት የምታጠራቅም እናት ያስቀመጡት አደራ ነው። ባለቤት የሌለው የሚመስለው ገንዘብ በእውነት እጅግ ብዙ ባለቤት ያለው ነው። ድኽነት የሰውዬውን ጥፋት ሊያቃልልለት ይችላል፤ ገንዘቡን ግን የእርሱ አያደርግለትም።

ሦስተኛው፣ «ሁሉም ወሰደ» የሚል ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን፣ ጣት ላይ ሲያዞሩት ከሰው ዐይን ስለሚሰውር ቀለበት የሚናገር ታሪክ አለው። ጥያቄው ማንም የማያየው ሰው ጻድቅ ሆኖ ይኖራልን? የሚል ነው። የእኛ ሌሊት ግን ከዚህ ታሪክ በአንድ ነገር ይለያል። በዚያ ሌሊት የተሰወረ ማንም አልነበረም። እያንዳንዱ ብር በማን ስም፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን እንደ ወጣ ተጽፎ ነበር። ታዲያ ሰው ስሙ እየተጻፈ እንዴት ደፈረ? የሰወረው ጨለማው ሳይሆን ሰልፉ ስለ ሆነ ነው። ብቻውን ቢሆን የሚያፍር ሰው ከመቶ ሰው ጋር ሲሰለፍ ኀፍረቱ ለመቶ ይከፈልና የእርሱ ድርሻ እጅግ ትንሽ ሆና ትታየዋለች። ነገር ግን ኀፍረት ቢከፋፈልም ዕዳ አይከፋፈልም፤ በነጋ ጊዜ እያንዳንዱ የተጠየቀው በየስሙ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያብራራልን የሰበታ ምሳሌ ነው። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በመኖሩ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ከሱቅ ገብቶ ሃምሳ ብር የመሰለውን መቶ ብር ቢሰጥ፣ ባለሱቁ መልሱን በሃምሳው ሒሳብ ሰጥቶ ዝም ቢል፣ ይህን የሰማ የከተማው ሰው ምን ይለዋል? ባለሱቁ በር አልሰበረም፤ ገንዘቡንም ተማሪው በገዛ እጁ ሰጥቶታል። ሆኖም የከተማው ሰው ሁሉ ነውረኛ ይለዋል። ማሽኑም በዚያ ሌሊት አላየም፤ እንዲያውም ከዓይነ ስውሩ እጅግ ያነሰ ነው። ዓይነ ስውሩ ሰው የሚያይበት ልቡና አለው፤ ማሽኑ ግን ይህም የለውም። የማያይን ማታለል ነውር መሆኑን ያስተማረን ሕግ ሳይሆን ሰውነታችን ነው። ከማሽኑም በስተኋላ ሰው እንዳለ ካስታወስን ነውሩ ያው አንድ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ወሳጆቹ ነው። በዚህ ብቻ ብናቆም ግን ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። ሶፍትዌር ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ አይደለም፤ ሰው የጻፈው፣ ሰው የፈተሸው፣ ሰውም «ይሠራበት» ብሎ የፈቀደው ትእዛዝ ነው። ተማሪው «ማሽኑ ሰጠኝ» ሲል የሚገሥጸው ባለሥልጣን፣ እርሱም «ሲስተሙ ተበላሸ» ብሎ ነገሩን ከዘጋው ሁለቱ አንድ ቋንቋ ተናገሩ። ባለጉዳይ ከሱሉልታ ወይም ከቡራዩ ማልዶ ተነሥቶ ከአንድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ሲደርስ «ሲስተም የለም» መባሉ በአገራችን የተለመደ ነገር ሆኗል። ይህች አጭር ቃል ማንም የማይጠየቅባት ቃል ናት። ጥያቄውን ከሰው አንሥታ ሰው ወዳልሆነው ነገር ትወረውረዋለች። ተማሪው በዚያ ሌሊት ማሽኑን ተጠያቂ ያደረገው ይህን ትምህርት ከታላላቆቹ ሰምቶት አይሆንምን?

ከዚህም የሚብስ አደጋ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው ስቶ ሳለ እንደ እውነተኛ ምስክር ሲቈጠር ነው። በእንግሊዝ አገር ፖስታ ቤት «ሆራይዘን» የተባለውን የፉጂትሱ ኩባንያ የሒሳብ ሶፍትዌር በየቅርንጫፉ አስገብቶ ነበር። ሶፍትዌሩ ያልጐደለውን ገንዘብ ጐደለ እያለ ይመዘግብ ስለ ነበር፣ ከ1999 እስከ 2015 ባሉት የአውሮፓውያን ዓመታት ከ900 በላይ የሚሆኑ ሰዎች በሌብነትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። አንዳንዱ ታሰረ፣ አንዳንዱ ቤት ንብረቱን አጣ፣ የገዛ ሕይወቱን ያጠፋም አለ። የብዙዎቹ ፍርድ በልዩ ሕግ የተሻረው ገና በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችንም ቀድሞ ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ልጁ ለምን እዚያ እንደ ወደቀ የሚጠይቅ አልነበረም። ማሽን የተናገረውን ሳይመረምር የሚፈርድ ዘመናዊ ሰው ሌባ ሻይን በኤሌክትሪክ መለሰው እንጂ ከእርሱ አልራቀም።

ንግድ ባንክ ገንዘቡን በፈቃዳቸው የሚመልሱት ሰዎች እንደማይከሰሱ ማስታወቁ አስተዋይነት ነበር፤ በዐሥር ቀን ውስጥም ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ገንዘብ መመለሱ ተነገረ። በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በእግራቸው ሄደው መመለሳቸው፣ ኅሊና ቢዘገይም እንዳልሞተ ያሳያል። ነገር ግን ባንኩ ከዚያ በኋላ ያልመለሱትን ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ አወጣ። ዝርዝሩ ሐሰት ነበር ማለታችን አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። በአንድ ሌሊት የሳተ ሲስተም፣ የዚያኑ ሌሊት ዕዳ ሲዘረዝር ቃሉ ያለ ዳኛ ለምን ይታመናል? አውጫጭኝ እንኳ ብዙ ጉድለት ቢኖረውም፣ ሰው በሰው ፊት ቆሞ ቃሉን የሚሰጥበት ነበር። የሰው ገንዘብ አደራ እንደ ሆነ ሁሉ የሰው ስምም አደራ ነው፤ ገንዘብ ቢጠፋ ይመለሳል፣ የጠፋ ስም ግን በይቅርታ ደብዳቤ አይመለስም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ ዝም ብሎ የሚበተን እንዳይደለ ማስታወቁ ለወደፊቱ መልካም ጅምር ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስንመልስ፣ የመሣሪያ ጥፋት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የሠሪው ቸልተኝነት፣ የተጠቃሚው ስግብግብነት፣ የፈራጁም ችኮላ ነው። ሦስቱም የሰው ናቸው። መድኃኒታቸውም ከሰው ዘንድ ይገኛል። ባለሥልጣኑ «ሲስተም የለም» በማለት ፈንታ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ በዚህ ሰዓት ይስተካከላል ማለትን ይልመድ። መምህሩም ግብረ ገብን ሲያስተምር የተሰረቀ በግን ብቻ ሳይሆን የተሳሳተ ኤቲኤምንም ምሳሌ ያድርግ። ተማሪውም አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት በስልክ ላይ ለሚታይ ቁጥርም እንደሚሠራ ይወቅ።

ዛሬ በቡራዩ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸው ወጣቶች የሚሰለጥኑበት ተቋም ተከፍቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወርም 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮድ መጻፍ ለማስተማር የታሰበው ዕቅድ ተጀምሯል። የነገዎቹን ሲስተሞች የሚጽፉት እነዚህ ልጆች ናቸው። ማሽን የሚጠይቀውን ጥያቄ የሚጽፉለት እነርሱ ስለ ሆኑ፣ አስቀድሞ ያንኑ ጥያቄ ለገዛ ራሳቸው ማቅረብን ቢማሩ ይበጃል። ማሽኑ አንድ ሌሊት መጠየቁን ቢዘነጋ እንኳ፣ በፊቱ የቆመው ሰው «ይህን ያህል አለኝን?» ማለትን ካልዘነጋ አገር በሰላም ያድራል።