እምነትና ዋጋው

የሰው እምነት የሚለካው ሲመቸው ነው ወይስ ሲያስከፍለው?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1967 በአሜሪካ የሂዩስተን ከተማ ቦክሰኛው ሙሐመድ ዐሊ ለጦሩ ምልመላ ስሙ ሲጠራ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ጥቁሮች በገዛ አገራቸው ለመብታቸው በሚታገሉበት በዚያ ዘመን፣ ቬትናም ሄዶ መዋጋትን ሃይማኖቴ ይከለክለኛል አለ። የዓለም ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፤ 5 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ተፈረደበት። በይግባኝ ከእስር ቢድንም ከ3 ዓመት በላይ ከቦክስ ታገደ። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረለት። ያለፈውን የጉልበት ዘመን ግን ማንም አልመለሰለትም።

ታሪኩን ለልጆቻችን ስንነግር ከድሉ ባንጀምር መልካም ነው። ያን ዕለት እንደሚረታ አያውቅም ነበር። ቢሸነፍስ ኖሮ አቋሙ ስህተት ይሆን ነበር? ሶብር ማለት ውጤቱን ለአላህ ትቶ በሐቅ ላይ መቆም ነው።