ምጽዋት ወይስ ዕዳ? ስለ አረጋውያንና ስለ አካል ጉዳተኞች ድርሻ

አንድ መንግሥት የዓመቱን ገቢና ወጪ ሲደለድል ገንዘቡ ሲያንሰው ከአንዱ ዘርፍ መቀነስ ግድ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ከመንገዱና ከሕንፃው አስቀድሞ የሚነካው ብዙውን ጊዜ ለአረጋዊውና ለአካል ጉዳተኛው የተመደበው ድርሻ ነው። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በአዳራሹ በር ቆሞ አቤት ለማለት ይቸገራል፤ እርሱን የሚያስታምመውም ትቶት ለመሄድ ጊዜ የለውም። ጩኸታቸው ስለማይሰማ ድርሻቸው በቀላሉ ይወሰዳል።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ኅብረተሰብ ለደካሞቹ የሚሰጠው ነገር ሲተርፈው የሚመጸውተው፣ ሲያጥረው የሚያስቀረው ነውን? ወይስ ቢተርፈውም ቢያጥረውም ሊከፍለው የሚገባው ዕዳ ነው?

ጥያቄው በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአሜሪካ የሚሆነውን እንመልከት። ነገሩ ከእኛ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ግን አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሌሎችም ከተሞች ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ወይም በየሰዉ ቤት እየተገኙ ደካሞችን በማጠብ፣ በማብላትና በማልበስ ይተዳደራሉ። ቀድመው የሄዱትም ዛሬ ራሳቸው አርጅተው የዚያው እንክብካቤ ፈላጊዎች ሆነዋል።

በዚያች አገር ለድሆች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ጥሪታቸውን ለጨረሱ አረጋውያን ሕክምናና እንክብካቤ የሚከፍለው ሜዲኬይድ የተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመ ሲሆን ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍለ ግዛቶች በጋራ ይሸፍኑታል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ክፍለ ግዛቶች ገቢና ወጪያቸውን በየዓመቱ እንዲያመጣጥኑ ሕጋቸው ያስገድዳቸዋል። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት፣ አቅመ ቢስ የሆነ ሰው በመንከባከቢያ ተቋም ውስጥ ሲኖር ወጪውን መሸፈን ለክፍለ ግዛቱ ግዴታ ነው፤ በገዛ ቤቱ ሆኖ የሚያገኘው እንክብካቤ ግን በአብዛኛው በክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ የገንዘብ እጥረት በመጣ ቁጥር ዓይን የሚያርፈው በዚህ በፈቃድ በሚሰጠው ላይ ነው። ሕጉ «ፈቃድ» ያለው አንድን ሰው ከአልጋው የሚያነሣው እጅ መሆኑን ልብ እንበል።

ቅነሳ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 በቤታቸው ለሚረዱ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚከፈለውን የእንክብካቤ ሰዓት ከመቶ 8 እጅ ቀንሶ ነበር፤ በኋላ ቅነሳው ወደ 7 እጅ ወረደ፤ በ2015 ደግሞ ሰዓቱ ተመለሰ። ከመቶ 8 እጅ ለሒሳብ ሠራተኛው ትንሽ ቁጥር ነው። ነገር ግን በወር 100 ሰዓት የሚረዳ ሰው 8 ሰዓት ሲቀነስበት ከሰውነቱ ፍላጎት 8 እጅ አይቀነስለትም። የሚቀርበት የሳምንቱ ገላ መታጠብ ነው፤ ወይም ወደ ሐኪም የሚያደርሰው ሰው ነው፤ ወይም ትኩስ እራት ነው።

በኢሊኖይ የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። አገረ ገዥውና ሕግ አውጪው ምክር ቤት መስማማት ስላቃታቸው ክፍለ ግዛቱ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 እስከ ሐምሌ 2017 ድረስ ሙሉ በጀት ሳይኖረው ቆየ። በመንግሥት ስም ደካሞችን የሚያገለግሉ ድርጅቶች ሥራቸውን ሠርተው ክፍያቸውን አላገኙም። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ አገልግሎት በጥር 2016 ከ30 በላይ ፕሮግራሞችን ለመዝጋትና 750 ያህል የሥራ ቦታዎችን ለመሰረዝ ተገደደ፤ ከተዘጉትም መካከል ለአረጋውያን የሚሰጡ አገልግሎቶች ነበሩ። በዚያ ጠብ ከተሟገቱት ታላላቅ ሰዎች አንዱም እንኳ ራት ሳይበላ አላደረም፤ የጠቡን ዋጋ የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 4 ቀን 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ደግሞ፣ የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት እንደ ገመተው፣ በ10 ዓመት ውስጥ ለሜዲኬይድ የሚወጣውን የፌዴራል ገንዘብ 900 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚቀንስ ነው። ሕጉ የቤት ለቤት እንክብካቤን በስም ጠርቶ አልሰረዘም። ይሁን እንጂ ከላይ የሚመጣው ሲጎድል ክፍለ ግዛቶች በፈቃድ ወደሚሰጡት አገልግሎት መመልከታቸው ከቀድሞው ልማድ የሚጠበቅ ነው። በወቅቱ የአሜሪካ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ጉባኤ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሊቀ ጳጳስ ቲሞቲ ብሮሊዮ በሕጉ ውስጥ ያለው የጤናና የምግብ እርዳታ ቅነሳ ኅሊና የማይቀበለው መሆኑን በይፋ ገልጸዋል። ጳጳሳቱ እንዲህ ሲናገሩ በፖለቲካ ውስጥ ገቡ የሚል ቢኖር፣ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ይመለስ።

የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደሚተርከው፣ በኢየሩሳሌም በነበረችው በመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣው ማጉረምረም ስለ እደላ ነበር። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ቸል ተብለው ነበርና። ሐዋርያት ጉዳዩ ምድራዊ ነው ብለው አልናቁትም፤ ሀብት እስኪበዛ ታገሡም አላሉም። መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን 7 ሰዎች አስመርጠው፣ ጸልየው፣ እጃቸውን ጭነው ሾሙ። ከነርሱ አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እንግዲህ ለደካሞች የሚገባውን በትክክል ማከፋፈል እጅ የተጫነበት አገልግሎት እንጂ የተረፈ ጊዜ ሥራ አይደለም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይም ጌታችን ፈሪሳውያንን የገሠጸው በዚህ ነገር ነው። አንዳንዶች ለወላጆቻቸው መጦሪያ ሊያውሉት የሚገባቸውን ገንዘብ ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው እያሉ ከወላጆቻቸው ያስቀሩት ነበር። ገንዘቡ የተሰጠው ስም እጅግ የከበረ ነበር፤ አረጋውያኑ ግን ተራቡ። በዘመናችንም «ቁጠባ»፣ «ማሻሻያ»፣ «ዕድገት» የሚሉት ቃላት በራሳቸው መልካም ናቸው። በእነዚህ ቃላት ስም የአባትና የእናት ድርሻ ሲወሰድ ግን የጌታችን ተግሣጽ በእኛም ላይ ይሆናል።

ስለ ዕዳና ስለ ምጽዋት ልዩነት የገዛ አገራችን እድር በቂ ትምህርት ይሰጠናል። እድርተኛው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን ይተከልለታል፣ ወንበሩና ድስቱ ይመጣለታል፣ ገንዘቡ ይቆጠርለታል። ምጽዋት ተቀበለ የሚለው ሰው የለም፤ እርሱም አንገቱን አይደፋም። ባዋጣው ማኅበር ውስጥ የሚገባውን አግኝቷልና። ዳኛው ተነሥቶ ዘንድሮ ገንዘብ ስላነሰን የእርስዎን ሐዘን አናይም ቢል እድሩ ያን ቀን ፈረሰ ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራ፣ ግብር የከፈለ፣ ልጆች ያሳደገ አረጋዊም ከአገሩ የሚጠብቀው እንዲሁ ነው።

ሆኖም ይህ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ አካሉ የታሰረ፣ አንዲት ሳንቲም ያላዋጣ፣ ወደፊትም የማያዋጣ ልጅስ? መዋጮን ብቻ መመዘኛ ካደረግን እርሱ ምንም የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም። የክርስትና ትምህርት ከእድሩ ሕግ አልፎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ዕቃ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ይለወጣል፣ ሲያረጅም ይጣላል። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው ግን ያለው ዋጋ ሳይሆን ክብር ነው፤ ክብርም በሥራ ብዛት አይጨመርም፣ በሕመምም አይቀነስም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አንዱ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች ሲጽፍ ደካማ የሚመስሉትን ብልቶች የሚያስፈልጉ ብሎ መጥራቱን እናስተውል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ ባወጡት መልእክት አካል ጉዳተኞች ሙሉ መብት ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን፣ ጤነኞችን ብቻ የሚቀበል ማኅበርም ብርቱዎች በደካሞች ላይ የሚፈጽሙት አድልዎ መሆኑን አስተምረዋል። ስለዚህ ዕዳው የሚመነጨው ከመዋጮ ብቻ ሳይሆን ሰው ከመሆን ነው።

በዚህ ላይ 3 መከራከሪያዎች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዳቸውም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ ደካሞችን መርዳት የቤተሰብና የቤተ ክርስቲያን እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም የሚል ነው። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 እንዳስተማሩት፣ ትንሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ትልቁ ሊቀማው አይገባም። ግን ያው ትምህርት ትልቁ ትንሹን የመደገፍ ግዴታ እንዳለበትም ይናገራል። ሽባ የሆነች እናቷን በቤቷ የምታስታምም ሴት ልጅ ቀን ሠርታ እንድትመለስ ለጥቂት ሰዓት የሚተካት ሰው መላክ ቤተሰብን ማቆም ነው። ያን ሰው መከልከል ግን ቤተሰቡን ማፍረስ ነው፤ ወይ ልጅቷ ሥራዋን ታጣለች፣ ወይ እናቲቱ ቤቷን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ?

ሁለተኛው፣ ገንዘብ ከሌለ ምን ይደረጋል የሚል ነው። በእርግጥ የሌለውን የሚያወጣ መንግሥት የለም፤ አስተዋይነትም በጎ ምግባር ነው። ነገር ግን ጥያቄው መቀነስ አለመቀነስ ብቻ ሳይሆን ከማን እንጀምር የሚለው ነው። ሊሸከም የሚችለው ሳይነካ የማይችለው ቢጫንበት አስተዋይነት አይባልም። ደግሞም ቁጠባ የሚባለው ብዙ ጊዜ ወጪን ከመዝገብ ወደ መዝገብ ማዛወር ነው። የቤት ረዳቱ የተወሰደበት ሰው ወድቆ ወደ ሆስፒታል ይገባል፤ ከዚያም ይበልጥ ገንዘብ ወደሚፈጅ ተቋም ይላካል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ከጆርጂያ በቀረበለት የ2 ሴቶች ጉዳይ፣ ከሰው ጋር መኖር የሚችሉትንና የሚፈልጉትን አካል ጉዳተኞች ያለ በቂ ምክንያት በተቋም ማግለል አድልዎ ነው ሲል ፈርዷል። የቤት እንክብካቤን የሚያደርቅ በጀት ሰዎቹን ወደዚያው መገለል ይመልሳቸዋል።

ሦስተኛው፣ መንግሥት ሲረዳ የሰው ልብ ይቀዘቅዛል የሚል ነው። አደጋው አለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የመጀመሪያ መልእክታቸው፣ የትኛውም ፍትሐዊ መንግሥት ፍቅርን ትርፍ ሊያደርገው እንደማይችል ያስገነዝባሉ። ስለዚህ የመንግሥት ረዳት ቢመጣም የጎረቤት ጉብኝት፣ የካህኑ ቅዱስ ቁርባን ማድረስ አይቀርም። ግን ደግሞ ሰው በረኃብና በእድፍ ላይ ወድቆ ሳለ ፍቅራችንን ብቻ ይዘን ብንገባ፣ የሚገባውን ነጥቀን ስጦታ እናቀርብለታለን። ቅዱስ አምብሮስዮስ ለድሃ የምትሰጠው ከራስህ ሳይሆን የእርሱ የሆነውን እየመለስህለት ነው ብሎ የሚያስተምረው ስለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል ተገቢ ነው፤ ድሃ አገር ነንና። ይሁን እንጂ አቅም የሚለካው ባለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሚቀደመውና በሚከተለውም ጭምር ነው። ድሃ ቤተሰብ እንኳ ከአንዲት እንጀራ ለሽማግሌው አስቀድሞ ይቆርሳል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውን 4ኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ የቤት ውስጥ ትእዛዝ ብቻ እንዳይመስል አድርጋችሁ አስረዱ፤ አንድ ሕዝብም እንደ ሕዝብ አባቶቹንና እናቶቹን ያከብራል ወይም ያዋርዳል። በየቁምስናችሁ ከቤት መውጣት ያልቻሉትን በስም መዝግቡ፤ ቤተ ክርስቲያናችሁ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት መወጣጫ እንዳላት ተመልከቱ። በወረዳና በቀበሌ ስብሰባ ስለ በጀት ሲነገር ለእነዚህ ሰዎች የተመደበው ስንት እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ። በአሜሪካ ለሚኖሩ ልጆቻችሁ ስትጽፉም ይህን አሳስቧቸው፦ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የበጀት ዓመታቸውን የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን ስለሆነ፣ ድምፅ ያላቸው ሁሉ ለተወካዮቻቸው መጻፍ ያለባቸው ውሳኔው ከመድረሱ በፊት በክረምቱና በጸደዩ ወራት ነው። የሚያጥቡትን ሰው ስም ባይጠሩም ኑሮውን መግለጥ ይችላሉ፤ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቀው የለምና።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በተነገረው ፍርድ በንጉሡ ዙፋን ፊት የሚሰበሰቡት አሕዛብ ሁሉ ናቸው። በዚያ የሚጠየቀው የተራበው፣ የታረዘውና የታመመው ምን እንደ ተደረገለት ነው። መዝገቡ የተመጣጠነ መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ከመዝገቡ የተሰረዙት ሰዎች ራሳቸው ምስክሮች ሆነው ይቆማሉ። ከእነርሱ ጋር እንድንቆም እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።