ድሉ የእሳቸው ከሆነ

ከአባቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተጣላነው በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነው። ጥር 2006 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ ላይ በቻን ውድድር በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸንፈው አንድም ጎል ሳያገቡ ተመለሱ። እኔ «ይባረር!» አልኩ። አባቴ «አጥቂ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?» አለኝ። «አባባ፣ ሁልጊዜ ሰበብ!» ብዬ ጮኽኩበት። ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኙ ተሰናበቱ፤ በዚያው ዓመት አባቴ አረፈ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

የፈረድኩት በምን ሚዛን ነበር? ልጅ ሳለሁ የሰፈራችንን ቡድን የሚያሰለጥን ሰው «ውጤት አይዋሽም» እያለ አሳድጎኛል። ስንሸነፍ ጭቃ ላይ ያንበረክከናል፤ ስናሸንፍ «ታክቲኬ ሠራ» ይላል። እስከ ዛሬ ያበግነኛል። የሽንፈቱን ዕዳ ለእኛ ለሕፃናቱ ጥሎ ድሉን ለራሱ ይወስድ ነበር።

ቻን በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ ነው፤ አጥቂዎቹ ሳላዲን ሰይድና ጌታነህ ከበደ ደግሞ ውጭ አገር ይጫወቱ ነበር። አባቴ ልክ ነበር። በዚህ አልከራከርም።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ሽንፈቱ የአሰልጣኝ ሰውነት ካልሆነ ድሉስ በምን የእሳቸው ይሆናል? ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ፣ አባቴና እኔ ተቃቅፈን ስማቸውን እየጠራን አልቅሰናል። ኦምዱርማን ላይ ግን 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር፤ ያለፍነው ከሜዳችን ውጭ ባገባናቸው ጎሎች ነው። ያን ቀን ሱዳን አንዲት ጎል ብታገባ ኖሮ እዚያው ስታዲየም ውስጥ እንደምሰድባቸው አውቃለሁ። ሰውየው ያው፣ ልምምዱም ያው። እንግዲህ ያ ሁሉ እንባ ለማን ነበር?

ምናልባት አሰልጣኝ መጠየቅ ያለበት በእጁ ባለው ነገር ነው፦ ማንን መረጠ፣ እንዴት አዘጋጀ፣ ማንን አሰለፈ። እዚህ ላይ ስደርስ የምንያህል ተሾመ ነገር ይመጣብኛል። ሰኔ 2005 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከቦትስዋና ጋር የተሰለፈው በሁለት ቢጫ ካርድ ታግዶ ሳለ ነው፤ ፊፋም ሦስቱን ነጥብ ነጠቀን። እውነተኛ ጥፋት ይኸውና! እኔ ግን ያኔ አልጮኽኩም፤ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ስለነበር፣ በኋላም ምድቡን በአንደኝነት ስለጨረስን። ካርድ መቁጠር የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው ይባላል፤ አባቴም «ቡድን መሪው የት ሄዶ?» ባለኝ ነበር። ይሁን። ግን አሰላለፉን ያወጡት እሳቸው አይደሉም?

የቻኑን «ይባረር» አንስቻለሁ። የቦትስዋናውን ግን ለአባቴም ብዬ ሙሉ በሙሉ አልተውላቸውም፤ ድርሻ አላቸው። ምን ያህል እንደሆነ እስከ ዛሬ ልለካው አልቻልኩም።