በጉርምስና መግቢያ፤ ጥፋቱ የቱ ነው፣ ዕድገቱስ የቱ?

የሰው ልጅ ከማኅፀን እስከ መቃብር በሚጓዝበት መንገድ ላይ ወላጅንም፣ መምህርንም፣ የንስሐ አባትንም እንደ 12 እና እንደ 13 ዓመት ዕድሜ ለፍርድ የሚያስቸግር ዘመን አይገኝም። ሕፃኑን ሁሉም ይታገሠዋል፤ ጎልማሳውንም ሁሉም ይጠይቀዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልጅ ግን አንዱ እንደ ሕፃን ሲያባብለው ሌላው እንደ ዐዋቂ ይፈርድበታል፤ ልጁም ራሱ ጧት ሕፃን፣ ማታ ሽማግሌ እየመሰለ ይታያል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ልጅ ወደ ጉርምስና በሚገባበት ጊዜ ከሚታይበት ለውጥ የትኛው ጥፋት ተብሎ ይወቀስበታል? የትኛውስ ዕድገት ተብሎ ይታገሡታል? ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ልጅ ያላስተማረ ሰው መሆን አለበት።

ወንጌላዊው ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ወጣ ከተረከ በኋላ፣ ምዕራፉን ሲዘጋ ዕድገቱን በጥበብ፣ በቁመት፣ በእግዚአብሔር ፊትና በሰው ፊት ባለው ሞገስ ለይቶ ይነግረናል። አምላክ ሲሆን ስለ እኛ ሰው ሆኖ የዕድገትን ሥርዓት በሥጋው ፈጸመ እንጂ ጉድለት ኖሮበት አደገ አንልም፤ ይህን አንባቢ ያውቀዋል። ልብ ልንለው የሚገባው ወንጌላዊው ቁመትን ብቻ ጠቅሶ አለማለፉ ነው። ቁመት አንድ ነው፤ ጥበብ ሌላ ነው፤ ከሰው ጋር መኖርም ሌላ ነው። በእኛ ልጆች ዘንድ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን አይደርሱም፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይዘገያል። የዚህ ዕድሜ ችግር አብዛኛው ከዚህ አለመመጣጠን ይወጣል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከሥጋ እንጀምር። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ይህ ለውጥ በሴቶች ልጆች ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎልና ከአንጎል ሥር ካለች የአተር ፍሬ ከምታህል ዕጢ ነው። ሴቲቱ ከወንዱ ወደ 2 ዓመት ያህል ቀድማ ትመዘዛለች፤ ወንዱም ዕድገቱ በሚፋጠንበት ጊዜ በአንድ ዓመት ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። እጅና እግር ከደረትና ከወገብ ቀድመው ስለሚረዝሙ ልጁ ዕቃ ይጥላል፣ መቅረዝ ይገጫል። የእንቅልፉም ሰዓት ይለወጣል፤ ማታ ቶሎ አይመጣለትም፣ በንጋት ግን ይከብደዋል። ለማኅሌት ቀስቅሰነው አልነሣ ሲል ሰነፍ የምንለው ልጅ ከስንፍናው ጋር ይህም አለበት።

ይህን የምጽፈው ሰምቼ ብቻ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የገጠር ደብር ዜማ ሳስተምር፣ ጾመ ድጓ የሚማር ዕድሜው 13 ዓመት የሆነ አንድ ልጅ ነበረኝ። ከአባት ከእናቱ ተለይቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ ከመንደር መንደር እየለመነ የሚማር፣ ቀለም የሚገባው፣ ድምፁም የጠራ ነበር። በአንድ የዐቢይ ጾም ወራት ግን አራራዩን ሲያነሣ ድምፁ ይሰበር ጀመር፤ አንድ ጊዜ ቀጥኖ፣ አንድ ጊዜ ጎርንኖ ይወጣል። በጉሮሮው ውስጥ ማንቁርቱ እየሰፋ፣ የድምፁ አውታር እየረዘመና እየወፈረ እንደ ነበረ አሁን ዐውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ቸልተኛነት መሰለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቃቸው ድምፁ ገና ያልተለወጠ፣ የእርሱን ስብራት እያስመሰለ የሚያሾፍ ሌላ ልጅ ነበረ። እኔም ድምፁ የተሰበረውን ልጅ በአለንጋ መታሁት፤ የሚያሾፈውንም «አንተ በል» ብዬ በስፍራው አስነሣሁት። ከሳምንት በኋላ ያ ልጅ ደበሎውን ለብሶ ለልመና እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ፍርዴን አንባቢ ይመርምረው። ድምፁ የተሰበረው ልጅ ያደረገው ነገር አልነበረም፤ የደረሰበት ነው እንጂ። ያሾፈው ልጅ ግን ዐውቆና ወድዶ፣ ወንድሙ በደከመበት ሰዓት አዋረደው። እኔ ዕድገትን ቀጣሁ፤ ኃጢአትን ሸለምሁ። ሁለቱም በአንድ ዕድሜ ስለ ነበሩ «ልጆች ናቸው» ብሎ ሁለቱንም መተው ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም ነበር፤ ሁለቱንም መምታትም እንዲሁ። ስለ ቅዱስ ያሬድ በትውፊት የሚነገረውን እኛ የዜማ መምህራን ለተማሪ ሁሉ እንተርካለን፤ ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን እንደ ወጣ፣ ልጁም ይህን አይቶ ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ። ልጁን ወደ ዛፉ ሥር ያደረሰው ግን ትምህርት አልገባ ብሎት የተመታው ዱላ መሆኑን ፈጥነን እናልፈዋለን። ትሉን እናስታውሳለን፤ ዱላውን እንረሳለን።

እንግዲህ መለኪያው ምንድን ነው? አንድ ሥራ ጥፋት የሚሆነው ዕውቀትና ፈቃድ ሲገቡበት ነው። በ13 ዓመት ልጅ ዘንድ ሁለቱም አሉ፤ ነገር ግን ገና አልጸኑም። ሊቃውንት የሰውን ዕድሜ በአራቱ ባሕርያተ ሥጋ ሲመስሉ እስከ 20 ዓመት ያለውን በነፋስ መመሰላቸው ያለ ነገር አይደለም። በዘመናችን አንጎልን የሚመረምሩ ሐኪሞችም ከዚህ የሚስማማ ነገር አግኝተዋል፤ ደስታን፣ ቍጣንና ምኞትን የሚያነሣሣው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ሲነቃ፣ የሚያመዛዝነውና ልጓም የሚሆነው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ እየጠና ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ቢጠይቁት በጎውን ከክፉው አጥርቶ ይለያል፤ ጓደኞቹ በከበቡት ጊዜ ግን ያንኑ የለየውን ይረሳዋል። ዕውቀቱ ሐሰት አልነበረም፤ ልጓሙ ላልቶ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውንም ለዐዋቂ በተደነገገው ቅጣት አይቀጣም፤ ነገር ግን ጨርሶ አይተወውም። ዳኛው ይህን ያህል ካመዛዘነ፣ የንስሐ አባት ከዳኛ ይልቅ ጨካኝ ሊሆን ይገባዋልን?

የልቡና ነገር ደግሞ አለ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሰው ሁሉ እርሱን የሚመለከት ይመስለዋል፤ ሐፍረትም ከማስተዋል ቀድማ ትመጣለች። በዚህ ረገድ እኛ ካህናት የምንጠየቅበት ነገር እንዳለ ሳልደብቅ እናገራለሁ። ወጣቱ ዲያቆን ሕልመ ሌሊት ሲያገኘው በዕለቱ ከቅዳሴ እንዲቀር ሥርዓቱን እናስተምረዋለን፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፣ በወንድ ሁሉ ላይ የሚደርስ መሆኑን፣ ፈቃድ ካልገባበትም ኃጢአት አለመሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አስቀድመን አንነግረውም። ስለዚህ ልጁ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ደብቆ ይገባና ኅሊናው ሲወቅሰው ይኖራል፣ ወይ «ለምን ቀረህ?» እንዳይባል ከአገልግሎት ጨርሶ ይርቃል። መደበቁም ሽሽቱም የተወለዱት ከእኛ ዝምታ ነው። ሴቲቱም ልጅ እንዲሁ ናት፤ እናቷ አስቀድማ ያልነገረቻት እንደ ሆነ የወር አበባዋ ሕመም ወይም የበደል ቅጣት መስሏት ትደነግጣለች፤ በደጀ ሰላም የምትቆምበትንም ምክንያት ነፍሷ የረከሰች አድርጋ ትወስደዋለች። ይህን ለልጅ መንገር ነውር ነው የሚሉ አባቶች አሉ፤ ቅንነታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልጁ ከእኛ ያልሰማውን ዛሬ ከእጅ ስልኩ ይሰማዋል፤ ያ መምህር ደግሞ ነውር አያውቅም። ትምህርቱ በ13 ሳይሆን በ10 እና በ11 ዓመት መጀመር አለበት። ጎርፍ ከመጣ በኋላ ቦይ አይቆፈርም።

ቁመት የሚያታልለው መምህርን ብቻ አይደለም። አባት ልጁ ከእናቷ ቁመት እንደ ደረሰች አይቶ «አድጋለችና ትዳር» ሲል ሰምተናል፤ እኛም መስቀላችንን ይዘን በዚያ ሰርግ ላይ ተቀምጠናል። ነገር ግን የዳሌ አጥንት ከቁመት ዘግይቶ ይጠናል፤ ልቡናም ከሁለቱ ዘግይቶ። በምጥ ብዛት የተጎዱ ሴቶችን ለማከም በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የፌስቱላ ሆስፒታል ከተቀበላቸው መካከል በልጅነታቸው የተዳሩ ብዙዎች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ወስኖ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። በዚህ ነገር ካህን «ወላጅ ፈቅዷል» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

ስለ አእምሮ ጥቂት እንበል። ፒያዤ የተባለው የስዊስ ሊቅ (1896–1980 እ.ኤ.አ.) ልጅ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ በዐይኑ ስላላየው ነገር «ይህስ ቢሆን?» እያለ ማሰብ እንደሚጀምር አስተምሯል። የእኛም አባቶች ይህን በሥራ ያውቁት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሕፃኑ በ7 እና በ8 ዓመቱ ዳዊት ይደግማል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ዐይንና ቃል ነው። ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ማየት ግን ለሕፃን አይሆንለትም፤ በልማድ ንባብ ቤት ቀድሞ ቅኔ ቤት የሚከተለው ስለዚህ ይመስለኛል። እንግዲህ ያ ወርቅ ፈላጊ አእምሮ በተከፈተ ጊዜ በቅኔ ላይ ብቻ አይቆምም። አንድ የ13 ዓመት ልጅ በአባቱ ፊት «እግዚአብሔር አስቀድሞ ካወቀ የይሁዳ ጥፋቱ ምንድን ነው?» ብሎኝ፣ አባቱ «ዝም በል፣ መናፍቅ!» ብሎ ሊመታው ተነሣ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ሊቃውንት የደከሙበትን ጥያቄ ልጁ ከራሱ አግኝቶታልና። ማወቅ ማስገደድ አለመሆኑን በምሳሌ ነገርሁት፤ ግማሹን ተቀበለኝ፤ ለቀረው «እስኪ አስብበታለሁ» አለኝ። ያ ልጅ አልካደም፤ ማሰብ ጀመረ እንጂ። ጌታችንም በ12 ዓመቱ የተገኘው በመምህራን መካከል ሲሰማና ሲጠይቅ ነበር።

በዚያው ታሪክ ስለ ባልንጀርነት የሚነግረን ነገር አለ። ዮሴፍና እመቤታችን አንድ ቀን ሙሉ የተጓዙት ልጁ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጎን ተለይቶ ከሌሎች ጋር መሄዱ አላስደነገጣቸውም። ባገኙትም ጊዜ እናቱ ጠየቀችው እንጂ አልተሳደበችም፤ የመለሰላትን ባታስተውለውም በልቧ ጠበቀችው። እርሱም ተመልሶ ይታዘዝላቸው ነበር። በእኛ ቤት ግን ልጅ ከእኛ ይልቅ ባልንጀራውን ሲሰማ እንደ ክህደት ቈጥረን በራችንን እንዘጋበታለን። ልጁን ከባልንጀራ መለየት አይቻልም፤ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ግን ይቻላል። እኔም በጉባኤዬ ማን በማን ላይ እንደሚስቅ ብመለከት ኖሮ ያን ዕለት የማነሣው አለንጋ ባልኖረ ነበር።

ያን ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ከተማ በጥምቀት በዓል አገኘሁት። ጢም አብቅሎ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ፣ በአናጢነት ይኖራል። «የኔታ» ብሎ ጉልበቴን ሳመ፤ እኔም በዚያ ዕለት ስላደረግሁት ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለና፣ ወፍሮ በተቃና ድምፅ፣ «ድምፄስ በዓመቱ ተመልሶልኝ ነበር፤ ግን ወዴት ይዤው እመጣለሁ ብዬ ነው» አለኝ።