ሲገለበጥ ከጀልባው እንዳይርቅ

እስቲ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን ከቁጥር 45 ጀምሮ ክፈቱ። ጌታ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። ሁላችን የምናስታውሰው በውሃ ላይ መራመዱን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ልብ በሉልኝ። ደቀ መዛሙርቱን ታንኳ ላይ አሳፍሮ የሰደዳቸው ማን ነው? ራሱ ጌታ ነው። እሱ ግን አብሮ አልገባም።

በምዕራፍ 4 ማዕበል ሲነሣ ጌታ ታንኳው ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ጮኸው ቀሰቀሱት። አሁን የሚቀሰቅሱት የለም። መቅዘፊያው በእጃቸው ነው፣ ነፋሱም ፊት ለፊታቸው ነው። ጌታ የት ነው? ተራራ ላይ ይጸልያል። ደግሞም ሲደክሙ ያያቸዋል። ሊነጋ ሲልም ወደ እነሱ መጣ። ስለዚህ ታንኳው ውስጥ አለመኖሩ እነሱን መተው አልነበረም።

ወላጆች፣ ዛሬ በተለይ የምናገረው ለእናንተ ነው። ይህን ቃል በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሄዱም። እዚህ ሲያትል፣ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሬኒየር ሸለቆ ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ስትወርዱ፣ ስታን ሴይርስ መናፈሻ ውስጥ የከተማው የቀዘፋና የሸራ ጀልባ ማሠልጠኛ አለ። በበጋ ልጆች የሸራ ጀልባ መንዳት ይማሩበታል። ዳር ቆሞ ለማየት ማንም አያስከፍላችሁም።

በብዙ አገር ትንንሽ ልጆች ትምህርቱን የሚጀምሩት ኦፕቲሚስት በሚባል ጀልባ ነው። ትርጉሙ ተስፈኛ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ክላርክ ሚልስ የሚባል ሰው ፍሎሪዳ ውስጥ ክሊርዋተር በምትባል ከተማ ነደፈው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው። አንድ ሸራ፣ አንድ መሪ፣ አንድ ልጅ። አሠልጣኙ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም! እሱ ፊሽካውን ይዞ በሌላ ባለ ሞተር ጀልባ በቅርብ ይከተላል። ይጮኻል፣ ያርማል፣ አደጋ ካየ ይደርሳል። መሪውን ግን ከልጁ እጅ አይቀማም። ለምን? መሪው ሲገፋ ጀልባው በተቃራኒው እንደሚዞር ልጁ በቃል ቢነገረውም አይገባውም። የሚገባው እጁ ሲለምደው ነው።

እኛ ልጆቻችንን እንዴት ነው የያዝናቸው? ባሕር በሌለበት ደጋ አድገን፣ ውቅያኖስ አቋርጠን መጣን። ልጆቻችን እንዳይጠፉብን እንፈራለን፤ ፍርሃቱም ከፍቅር ነው። ግን 17 ዓመት ሙሉ እሑድ ጠዋት እኛ ቀሰቀስናቸው፣ እኛ ጸለይንላቸው፣ ለጥያቄያቸውም እኛ መለስንላቸው። ወይም «እንዲህ አይባልም» ብለን ዝም አሰኘናቸው። ከዚያ በ18 ዓመታቸው ሌላ ከተማ ኮሌጅ ይገባሉ። የመጀመሪያው እሑድ ሲመጣ የሚቀሰቅሳቸው የለም። ያን ጠዋት መሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዙ ከሆነ፣ ቅዱሳን፣ በጣም ዘግይተናል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የአያቱን የሎይድን፣ የእናቱን የኤውንቄን እምነት ያነሣል። ግን እዚያ አያበቃም፤ ያ እምነት በጢሞቴዎስ በራሱ ውስጥ እንዳለም ይናገራል።

ሁለተኛ ነገር ተመልከቱ። የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ አይችልም። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል መድረስ የፈለገ ልጅ ወደ 45 ዲግሪ ያህል ገደድ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። ከዳር ላለ ሰው የጠፋ ይመስላል። አሠልጣኙ ግን ወደፊት እየሄደ መሆኑን ያውቃል። በአማርኛ መዝሙር የማይዘምር፣ ጸሎቱን በእንግሊዝኛ የሚያደርግ፣ «ለምን?» እያለ የሚጠይቅ ልጅ ሁሉ የጠፋ አይምሰላችሁ። እየዞረ የሚሄድ ሁሉ ደህና ነው እያልኩ አይደለም። ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ተከተሉት ነው የምላችሁ።

ሦስተኛውን በደንብ ስሙኝ። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ምን መሰላችሁ? መገልበጥ! የነፍስ አድን ጃኬቱን አልብሰው፣ ጀልባውን ሆን ብለው አስገልብጠው ውሃ ውስጥ ይከቱታል። ልጁ ይደነግጣል። ትእዛዙ አንድ ነው፦ ከጀልባው አትራቅ። ዳሩ ቅርብ ቢመስልህም ብቻህን ልዋኝ አትበል። የተገለበጠ ጀልባም ይንሳፈፋል፤ ከሩቅም ከአንድ ትንሽ ጭንቅላት ይልቅ ጀልባው ይታያል። ያዘው። ከዚያ ከጀልባው ሆድ ሥር የሚወጣውን ሳንቃ በክብደቱ ተጭኖ ጀልባውን ያቀናል፣ ይገባል፣ ውሃውን ጠልቆ ያወጣል፣ ይቀጥላል።

እኛስ ልጆቻችንን ስለ መውደቅ ምን አስተማርናቸው? «እንዳትወድቅ» ብለናል፤ ትክክል ነው። «ከወደቅህ ግን ወደ እኛ ና» ብለናል ወይ? ብዙ ቤት ልጅ ሲወድቅ የመጀመሪያው ቃል «ሰው ምን ይላል?» ነው። ያን ጊዜ ልጁ ከጀልባው ይርቃል። በጨለማ ብቻውን ይዋኛል። ቤተ ክርስቲያንም የተገለበጠ ሰው የሚይዛት ካልሆነች፣ ለማን ነው የምትንሳፈፈው?

ሉቃስ 15ን አስቡ። ያ ልጅ እሪያ እየጠበቀ ትዝ ያለው ምን ነበር? የአባቱ ቤት እንጀራ። ሩቅ አገር ሆኖም የሚይዘው ነገር ነበረው። አባቱም ገና በሩቅ ሳለ አየው፤ መንገዱን ሲያይ ነበርና። አሜን?

ስለዚህ ከዚህ ወጥታችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። ቤት ያለውን ልጃችሁን ዛሬ ማታ ጸሎት እንዲመራ ጠይቁት፣ በሚችለው ቋንቋ። ሲሳሳት አታርሙት፤ አሜን በሉ። ከቤት ርቆ ያለውን ደግሞ ደውሉለት። ስለ ቤተ ክርስቲያን አትጠይቁት። «በልተሃል ወይ?» በሉት። ልጅ ያልወለዳችሁም እዚህ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን ወጣቶች በስም እወቋቸው። ከዚያ እንደ ጌታ ተራራ ላይ ውጡ፤ ማለትም ጸልዩላቸው። እኛ የማንደርስበት ሌሊት አለ፤ እሱ ግን በውሃው ላይ ይሄዳል።

ጌታ ሆይ፣ በዚህ ሰዓት ነፋስ ፊት ለፊቱ የሆነበትን ልጅ ሁሉ ታያለህ። የተገለበጠውን አንተ ድረስለት። ለእኛም መሪውን የሚሰጥ እጅ፣ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ትዕግሥት፣ ሲመለስ የሚያቅፍ ልብ ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።