ከሽኝቱ ማግስት



ለወንጌል ሥራ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የተዘጋጀ ቤተ ሰብ በጉባኤ ፊት ቆሞ «በወር ይህን ያህል ያስፈልገናል፤ በጸሎትና በገንዘብ አብራችሁን ቁሙ» ሲል በወጣቶች መቀመጫ በኩል የሚሰማው ሹክሹክታ ለማናችንም አዲስ አይደለም። «እግዚአብሔር ከጠራቸው እርሱ አያኖራቸውምን?» የሚል አለ። «ይህማ ልመና ነው» የሚልም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ነገሩን ወደ ሳቅ ወስዶ «እኛንም ውጭ አገር የሚልከን ቢገኝ!» ይላል። ቀልዱን ልተወውና ሁለቱን አሳቦች በጥሞና እንመልከታቸው፤ መልሳችን የአንድን እናት፣ የአንድን አባትና የልጆቻቸውን የወር ቀለብ የሚነካ ነውና።

ኮልፌ ያደገ ሰው እድርን ሳያውቅ አያድግም። የእድሩ ገንዘብ ያዥ በየወሩ መዋጮ ሲሰበስብ ለማኝ ብሎ የሰደበው ሰው አልሰማሁም። እንዲያውም ያልከፈለ ይቀጣል። ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል፣ ለቀስተኛ ንፍሮ ለማቅረብ ይህን የመሰለ ሥርዓት ያለን ሰዎች፣ በሕይወት ላለ መልእክተኛ ስንቅ መቋጠር ለምን እንግዳ ሆነብን?

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ እስጳንያ ሊሄድ ባሰበ ጊዜ በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 15 አሳቡን አልሸሸገም፤ በመንገዱ ሊያያቸው፣ እነርሱም በጉዞው እንዲረዱት ተስፋ ማድረጉን ነግሯቸዋል። ይህን የጻፈው ገና ሄዶ ላላያት ጉባኤ ነው! በቆሮንቶስ ሳለ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ከመጡ በኋላ ግን በስብከቱ እንደ ተጋ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ይነግረናል። በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ደግሞ የጎደለውን ያሟሉለት ከመቄዶንያ የመጡ ወንድሞች እንደ ነበሩ እናነባለን። የመቄዶንያ ምእመናን ባለጠጎች አልነበሩም፤ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 8 ጳውሎስ ራሱ ስለ ከባድ ድህነታቸው ይመሰክራል። እንግዲህ እግዚአብሔር ጳውሎስን አኖረው፤ ያኖረው ግን በእነዚህ ድሆች እጅ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ በክፍለ ከተማችን ያለውን የዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ ዛሬ አለርት የምንለውን እናስታውስ። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ከመቋቋሙ በፊት፣ በ1930ዎቹ በዚያ ስፍራ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከም የጀመሩት ዶክተር ቶማስ ላምቢና የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ባልደረቦቻቸው ናቸው። ይህ ሚሽን የተቆረጠ ደመወዝ ቃል የሚገባ አልነበረም። ሠራተኞቹ የሚኖሩት በየአገራቸው ያሉ ጉባኤዎችና ምእመናን በሚልኩላቸው ስጦታ ነበር። በዘነበወርቅ ቁስሉ የታጠበለት ሕመምተኛ ባሕር ማዶ ስላለችው ሰጪ አያውቅም፤ እርሷም እርሱን አታውቅም።

«ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው» ለሚል ወንድም የወላይታን ታሪክ ልጥቀስለት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሚስዮናውያኑ ከሶዶ ሲባረሩ በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ጣሊያን ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። ከዚህ የበለጠ የሚደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። የወላይታ ጉባኤዎች ሌላ ቋንቋ ወደሚነገርባቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ሌሎችም ጎረቤት ሕዝቦች ወንጌላውያንን ላኩ። ሄያጆቹ ቤተ ሰብ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ላኪዎቹም ገበሬዎች። ዛሬ ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር መልእክተኛ ስትልክ የምናያት የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ ከማንም ሳይሆን ከእነዚያ ገበሬዎች ወርሳለች ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልምጣ፤ በእኛ ዘመን ላኪን የሚፈትነው እርሱ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ጉባኤ ለመልእክተኛው በወር 5,700 ብር ቃል ገብቶ ነበር እንበል። ፊት 100 ዶላር ይሆን የነበረው ገንዘብ ከ57 ዶላር በታች ሆነ ማለት ነው። ጉባኤው ቃሉን አላጠፈም፤ ሳንቲምም አላጎደለም፤ በባዕድ አገር ያለው ቤት ኪራይ ግን በብር አይከፈልም። ስለዚህ ቃል ኪዳኑ በብር ብቻ ተጽፎ መዝገብ ውስጥ መተኛት የለበትም፤ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ከዚያ አገር ኑሮ ጋር መተያየት አለበት። እኛ ተማሪዎች ምን አለን? አርባ ሰው 50 ብር ቢያወጣ 2,000 ብር ነው። ትንሽ ነው፤ ግን በየወሩ ከደረሰ በሽኝቱ ዕለት በእልልታ ከሚሰጥ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ አስቤዛ የሚገዛው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘቡን የሚያሰሉ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ባልየውን ነው። ሚስቲቱም ትጠየቅ! የልጆቹን ትምህርት፣ ሕክምና፣ የሚለብሱትንም አስልታ የምታውቀው እርሷ ናት፤ ቋንቋውን በማታውቀው ገበያ መሐል የምትቆመውም እርሷ ናት።

የፊልጵስዩስ ሰዎች ለጳውሎስ ገንዘብ ብቻ አልላኩም፤ ኤጳፍሮዲጡስን ላኩለት። እርሱም በዚያ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ የመታመሙም ወሬ ፊልጵስዩስ ደርሶ ነበር። ስልክ በሌለበት ዘመን ወሬ እንዲህ ይመላለስ ነበር ማለት ነው። እኛ ስልኩ በኪሳችን አለ። ከወጣቶች ክፍል ለሚሄድ ቤተ ሰብ በየወሩ የሚጽፍ፣ ያሉበትንም ለጉባኤው የሚያነብ አንድ ሰው ቢመረጥ፣ ያውም ከሽኝቱ በፊት ቢመረጥ መልካም ይመስለኛል፤ በማግስቱ ሁላችንም ወደየፈተናችን እንመለሳለንና።