የነፍሰ ጡሯ ዕረፍት የማን ዕዳ ነው?

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ብዙዎቻችን በልባችን ይዘን የማንናገረውን ጉዳይ እናንሳ። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አዲስ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስትን አስቡ። እሱ ደመወዝተኛ ነው፤ እሷ ጉልት ትነግዳለች። አረገዘች። ሆዷ ሲገፋ ጉልቱ ይቀራል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይቀርም። ዘመድ "ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምሩ፣ የጤና መድህን አውጡ፣ ቀበሌም ጠይቁ" ሲላቸው ባል "እኔ እያለሁ ሚስቴ የመንግሥት እጅ አታይም፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው" ይላል።

ሪዝቅ ከአላህ መሆኑ አያጠራጥርም። ግን ወንድሜ፣ ይህ ተወኩል ነው ወይስ ኩራት?

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረዲየሏሁ ዐንሁ) ከበይቱል ማል ለልጆች ድጎማ ሲቆርጡ፣ ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ከነጋዴዎች ሰፈር የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። እናቲቱን ደጋግመው "ልጅሽን አባብዪው" አሏት። እሷም ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ድጎማውን ለማግኘት ብላ ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ዑመር የዚያን ቀን ሱብሒ ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው ብዛት ቂርኣታቸው አልሰማ አለ። ከዚያም ድጎማው ከልደት ቀን ጀምሮ ለሁሉም ሕፃን እንዲሆን አወጁ።

አስተውሉ። ኸሊፋው እናቲቱን "ለምን ፈለግሽ?" ብለው አላሳፈሯትም። የወቀሱት ራሳቸውን ነው። ከሕዝብ ገንዘብ ለእናትና ለሕፃን የሚደርሰው ልመና ሳይሆን ሐቅ ነውና።

በአገራችንም ሐቁ ተጽፏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሠራተኛ እናት ከደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ብሎ ወስኖታል፤ ለአባትም 3 ቀን አለው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ሲሞከር ከጀማሪዎቹ ወረዳዎች አንዱ የኛው ደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ነበር። በሴፍቲኔት የታቀፈች ድሃ እናትም ስታረግዝ ከእርከንና ከድንጋይ ሥራ ወጥታ ድጋፏን እንድታገኝ ተደንግጓል።

ነገር ግን የወሊድ ፈቃድ የሚያውቀው ቅጥረኛዋን ነው። የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላና የሳይንት ገበሬ ሚስት፣ ጉልት ነጋዴዋም፣ አለቃ የላቸውም። ታዲያ የእነሱን ፈቃድ የሚፈርመው ማነው? አንተ ነህ ወንድሜ። ጀሪካኑን ከጀርባዋ ስታወርድ ፈረምክ ማለት ነው።

አላህ በሱረቱ አጥ-ጦላቅ የተፈታች ሴት እንኳ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ወጪዋን በባሏ ላይ አድርጓል። እቤትህ ያለችው ምን ያህል ይገባት? በሱረቱል በቀራም የምታጠባ እናት ምግብና ልብስ በአባት ላይ ነው። እሷ ከጉልቷ ብታወጣ ደግነቷ እንጂ ዕዳዋ አይደለም። የመንግሥት እርዳታም ነፈቃህን ያግዝሃል እንጂ አያወርድልህም። ደግሞ አይዞህ፦ አላህ ማንንም ከሰጠው በላይ አያስገድድም። በአንድ ደመወዝ የምትችለውን ያህል እንጂ የሀብታሙን ያህል አትጠየቅም።

የመጨረሻው አደራ፦ ሐቅህን አትፈር፤ የሌላውን ሐቅም አትንካ። እያለህ "ድሃ ነኝ" ብለህ መመዝገብ ከአንዲት የተቸገረች እህት ጉሮሮ መንጠቅ ነው።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ? ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ከሆነች አብረሃት ጤና ጣቢያ ሂድ። የጤና መድህናችሁ መታደሱን እይ። ከወሩ ወጪ ላይ ትንሽም ብትሆን ለወሊዱ አስቀምጥ። እህቴ ሆይ፣ ጎረቤትሽ አራስ ካለች "እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ" ስትዪ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ የገንፎ ዱቄት ያዢ፣ ውኃዋን ቅጂላት።

ያ አላህ! ነፍሰ ጡሮቻችንን በሰላም ገላግላቸው፤ በአንድ ገቢ ለሚኖሩት በረካውን አውርድ፤ እኛንም አማናን የማንበላ አድርገን። ኣሚን።